መውጫው ተማሪ

አክስቴ መነጽር ሠሪ ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ውኃ እየተንጠባጠበበት በሚሽከረከር ድንጋይ ፊት ተቀምጣ መስታወት ስትሞርድ ኖራለች። የሌንሱን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳሰስ አድርጋ የት ጋ እንደቀረ ትናገራለች፤ መለኪያው ሲመጣ እሷ ያለችውን ከመድገም ሌላ ሥራ የለውም። ሥራው ሲያልቅ መነጽሩን ደንበኛው አፍንጫ ላይ ታስቀምጥና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ሰሌዳ እያሳየች «እስቲ አንብብ» ትላለች። የሰፈሩ ልጆች በዚሁ ነው የሚጠሯት። በመንገድ ስታልፍ «እስቲ አንብብ» ብለው ከጮኹባት ዞር ትልና፣ እናንተው አንብቡ፣ ትምህርት ቤት የምትሄዱት እናንተ ናችሁ ትላቸዋለች።

እሷ ከትምህርት ቤት የወጣችው ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከሁለት እህትማማቾች አንዷ መሥራት ነበረባት፤ ታላቋ እሷ ስለሆነች እሷ ቀረች፣ እናቴ ቀጠለች። በቤታችን ይህ ነገር አይወራም። እናቴ ግን አዲስ መጽሐፍ በገዛች ቁጥር መጀመሪያ እህቷ ሱቅ ይዛው ትሄዳለች።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሌንሱ ተሞርዶ፣ ተስተካክሎ፣ በትንሽ ካርቶን ከፋብሪካ መምጣት ጀመረ። ለአክስቴ የቀረላት ማስገባትና ማጥበቅ ነው። «ብሎን አጥባቂ ሆኜልሃለሁ» አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች። ድንጋዩ ላይ ያለው ውኃ ደርቆ ነበር።

እኔ በአንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ረዳት ነኝ። እዚያ የምንሠራው ሌንስ የአክስቴን አይመስልም። የእሷ ሌንስ መሐሉ ያበጠ ወይም የጎደጎደ ነው፤ ብርሃንን የሚያጥፈው በቅርጹ ነው። የእኛ እንደ ወረቀት ጠፍጣፋ ነው። ፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ፣ ከፀጉር ውፍረት በመቶዎች እጥፍ የቀጠኑ፣ ቁጥራቸው ሚሊዮን የሚያልፍ ምሶሶዎች ቆመውበታል። ወፈር ያለው ምሶሶ ብርሃኑን ያዘገየዋል፣ ቀጭኑ ቶሎ ይለቀዋል፤ በልካቸው ከተደረደሩ ብርሃኑ ታጥፎ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። ናኖ የሚባለው ይኸው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳት ቀን ማን እንደሚሞርደው ጠየቀችኝ። ማንም አልኳት። ታዲያ ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ አለች። በማሽን እንደሚታይ ነገርኳት፤ ነገሩ ብዙም አልተዋጠላትም።

ኮሌጁ ስለዚሁ ሌንስ የአሥራ አራት ሳምንት ትምህርት በኢንተርኔት ሲከፍት ማስታወቂያውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዲፕሎማ አይጠይቅም፣ ዕድሜ አይጠይቅም። መጨረሻው ላይ የቃል ፈተና አለ፤ ያለፈ ሰው ቤተ ሙከራችን ውስጥ ስድስት ወር ሠልጥኖ በባለሙያነት ይቀጠራል። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ማንም ሰው ይላል» አለችኝ። «ማንም ማለት ማንም ነው?»

«አዎ፣ ማንም ነው» አልኳት፣ ሌላ ነገር እያየሁ።

ቪዲዮዎቹ አርባ ሁለት ናቸው፤ ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከሥራቸው የአማርኛ ጽሑፍ እንዲሄድ ማድረግ የእኔ ሥራ ነበር። ኮምፒውተሩ ራሱ ይተረጉማል፣ እኔ አያለሁ፣ አርማለሁ። አምስቱን አየሁ። ከዚያ ሌላ ሥራ መጣ፤ ያየኋቸውም ብዙ ስሕተት ስላልነበረባቸው የቀሩትን እንዳሉ ለቀቅኳቸው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰሩ ሁሉንም አይቼ እንደሆነ ሲጠይቁኝ «አይቻቸዋለሁ» አልኩ። እንዲህ ያለ ውሸት ስትዋሸው ውሸት አይመስልም፤ ነገ ልታደርገው ያሰብከውን ዛሬ እንደመናገር ነው።

አክስቴ መመዝገቧን ያወቅሁት በአምስተኛው ሳምንት ነው። ሱቋ ስገባ ስልኳን የመነጽር ሳጥን ላይ አስደግፋ፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ፣ የመስታወት ብናኝ የለበሰውን ስክሪን በክርኗ ስትጠርግ አገኘኋት። እንግሊዝኛ እንደማትሰማ አውቃለሁና ማዳመጫው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። መምህሩ ብቻውን የሚያወራ እንዳይመስለው ነው አለችኝ። ደንበኛ ሲመጣ «ይቅርታ፣ አንዴ» ትለውና ታቆመዋለች። ባለ ካሬ ደብተር ገዝታ ምሶሶዎቹን በእርሳስ ሠርታቸዋለች፤ ከእኛ መጽሐፍ ሥዕል የእሷ ይጠራል።

እኔ ላስጠናት ስል አሻፈረኝ አለች። «አንተ ካስጠናኸኝ ያለፍከው አንተ ነህ። አንተ ደግሞ አልፈሃል።» በመንግሥትም በሰውም ላይ ያልጣለችውን ሸክም እኔ ላይ መጣል አልፈለገችም። በአሥራ አራቱ ሳምንት ውስጥ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። በዕለተ ሰንበት ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ተቀምጠን፣ ሌሎቹ ወጣ ሲሉ ጠብቃ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የጠየቀችኝ።

«ተማሪው ጠባብ ከሆነ ምን ይሻላል?»

አንጀቴን በላችው። በሃምሳ ዓመቷ ደብተር ይዛ የተቀመጠች ሴት ስለ ራሷ የምትጠይቀኝ መሰለኝ። ጠባብ ሆኖ የሚቀር ተማሪ የለም፣ በልምምድ ይሰፋል አልኳት። ዓይኗ በራ። «በልምምድም ይሰፋል?» አለችና ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እኔም ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

የፈተናው ቀን አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ። ፈታኞቹ ፕሮፌሰሩና አንድ ወጣት መምህር ናቸው። ሰባተኛዋ ተፈታኝ አክስቴ እንደሆነች አስቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ፕሮፌሰሩ ነጥብ እንዳልሰጥ፣ ቃለ ጉባኤ ብቻ እንድይዝ አዘዙኝ። አክስቴ ደብተሯን በፕላስቲክ ጠቅልላ ገባች። ዓይኗን ወደ እኔ አላዞረችም፤ እንደማንተዋወቅ ሰው ተቀመጠች።

ብርሃን ጠፍጣፋ ሌንስ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ተጠየቀች። አጀማመሯ የሚያስደስት ነበር። ስለ ምሶሶዎቹ ውፍረት፣ ስለ መዘግየቱ፣ ጠርዙ አካባቢ ለምን ይበልጥ መታጠፍ እንዳለበት በእጇ እየሠራች አስረዳች። ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። እኔም መጻፉን ረስቼ ነበር።

«ከዚያ መውጫው ተማሪ ጋ ይደርሳል» አለች።

«ማን ጋ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«መውጫው ተማሪ ጋ።»

የትኛው ተማሪ እንደሆነ ጠየቋት። የሚያጠብቁባት መሰላትና ቀና ብላ ተቀመጠች። ሁለት ተማሪዎች እንዳሉ ነገረቻቸው፦ መግቢያው ተማሪ ብርሃኑን ይቀበላል፣ ምሶሶዎቹ ያስተምሩታል፣ መውጫው ተማሪ የተማረውን ይዞ ይወጣል። ተማሪው በጨለማ ይሰፋል፣ ብርሃን ሲበዛበት ይጠባል። «በልምምድም ይሰፋል» ብላ ጨመረች።

ወጣቱ መምህር ሳቁን በእጅጌው ሸፈነው። ክፋት አልነበረበትም፤ አምልጦት ነው። አክስቴ ግን አየችው። ፕሮፌሰሩን አየች፣ ደብተሯን አየች፣ ከዚያ ቀስ ብላ ደብተሩን ከደነችው። ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አንስተው ነጥብ መስጫው ወረቀት ላይ ሊጽፉ ነው።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። በእንግሊዝኛ ተማሪና የዓይን ብሌን የሚጠሩት በአንድ ቃል ነው። ብርሃን ከመሣሪያ የሚወጣበትን ቀዳዳም በዚያው ቃል ይጠሩታል። ኮምፒውተሩ ብሌን የነበረበትን ቦታ ሁሉ ተማሪ አድርጎታል። አሥራ አራት ሳምንት ሙሉ እሷ ያነበበችው ይህንን ነው። በልምምድ ይሰፋል ያላት ደግሞ ኮምፒውተሩ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ላይ የቀረች አንዲት መነጽር ሠሪ ግራ ተጋብታለች ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አልኩ። «ከቪዲዮዎቹ ሥር ያለው ጽሑፍ ነው። ያየሁት አምስቱን ብቻ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ስልካቸውን አውጥተው አሥራ ዘጠነኛውን ቪዲዮ ከፈቱና ጮክ ብለው አነበቡት፦ መውጫው ተማሪ ከተመልካቹ ተማሪ ጋር ካልተጋጠመ ምስሉ ይጨልማል። ሦስት ጊዜ ያህል አነበቡት።

«አይቻቸዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አሉኝ።

መልሴን አልጠበቁም። ጠረጴዛው ላይ ካሉት መሣሪያዎች አንዱን፣ ጥፍር የምታህል ጠፍጣፋ ሌንስ የተገጠመለትን ትንሽ ማያ አንስተው በአንድ ዓይናቸው ተመለከቱ፤ ዙሪያው እንደሚጨልምባቸው ለአክስቴ ነገሯትና ምክንያቱን ጠየቁ። አክስቴ ልትነሳ ወንበሯን ገፍታ ነበር። ቆማ ሳለች ግን ሃያ ስድስት ዓመት ያደረገችውን አደረገች፤ ጎንበስ ብላ ዓይናቸው የት እንደሆነ አየች።

«በጣም ተጠግተውበታል» አለቻቸው። «ሁለት ጣት ያህል ራቅ ያድርጉት። ምስሉ እዚያ ነው የሚጠብቅዎት።»

ፕሮፌሰሩ አራቁት። «አሁን ዙሪያው በራ» አሉ።

ያም ሆኖ አላሳለፏትም። ሌሎቹ አሥራ አንዱም በዚያው ጽሑፍ የተማሩ ስለሆኑ ፈተናው ለሁሉም እንዲደገም ወሰኑ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጽሑፉ ታርሞ። እኔ ስለሠራሁት ነገር በደብዳቤ እንደሚያነጋግሩኝ ነገሩኝ፤ አደረጉትም። ትክክል ነበሩ።

አውቶቡስ ውስጥ አክስቴ መስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ደብተሩ ጭኗ ላይ ነው። እንደማትመለስ የነገረችኝ ሁለት ፌርማታ ካለፍን በኋላ ነው። ሊቃውንት በሚሰበሰቡበት መሐል አንዴ የተሳቀበት ሰው ሁለተኛ መሄድ አያስፈልገውም አለች። እኔም ስለ ሳቀው መምህር፣ ስለ ኮምፒውተሩ ማውራት ጀመርኩ።

«ተወው። ሰው ይስቃል፣ ማሽንም ማሽን ነው» አለች። «አንተን ግን ጠየቅሁህ።»

በጥያቄዋ ስለ ራሷ የምትናገር መስሎኝ እንደነበር ነገርኳት። ፊቷን አላዞረችም።

«ጠባብ ነኝ ያልኩህ መሰለህ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ብሌን ይመስላል ብዬ ነበር። በጨለማ የሚሰፋ ሌላ ምን አለ? ከብሌን እስከ ብሌን ስንት እንደሆነ ስለካ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ግን ኮሌጅ ብሌንን ብሌን ማለት አያውቅም ብዬ እንዴት ላስብ?»

በክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ መምህሩ ግንባሯ ሲቋጠር ያይ ነበር፤ ምን ሆንሽ ይላት ነበር። በር ጠባቂ የሌለውን ትምህርት እኔ እወደዋለሁ፤ እሷን ያስገባው እሱ ነው። ውስጥ ገብቶ የጠፋን ሰው ግን የሚያየው የለም። የማይበት ቦታ የተሰጠኝ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ጠዋት ኮምፒውተሬን ይዤ ሱቋ ሄድኩ። ተመለሺ አላልኳትም። የደንበኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስድስተኛውን ቪዲዮ ከፈትኩና ማረም ጀመርኩ። ምን እንደምሠራ አየችና ለአንዲት ሴት የመነጽር እጀታ ማቃናቷን ቀጠለች። እየጮኽኩ አነባለሁ፣ እሰርዛለሁ፣ እጽፋለሁ። «ቀላል እርሻ» የሚል አገኘሁና «የብርሃን መስክ» አልኩት። ብርሃንና ቀላል፣ መስክና እርሻም በእንግሊዝኛ አንድ አንድ ቃል ናቸው። ይህኛውን ከመጀመሪያው ቀን እንደነቃችበት፣ እርሻ መነጽር ውስጥ ምን ይሠራል ብላ እንደሰረዘችው ለመነጽሩ ነገረችው፤ ለእኔ አልነገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ስለ መስታወት ጠርዝ የሚናገር ቦታ ላይ ደረስኩ። ኮምፒውተሩ «ጠርዙን ስበሩት» ብሎ ነበር። ደህና ነው ብዬ አለፍኩት።

«ማነው ጠርዝ የሚሰብረው?» አለች ከኋላዬ።

እንግሊዝኛው እንደዚያ እንደሚል ነገርኳት።

«እንግሊዝኛው የፈለገውን ይበል። ጠርዝ ይለዝባል። ስበሩት ብለህ ስትጽፍ የሚሰብር ሰው አለ። የሚያነብ ሰው አለ እኮ፣ አንተ።» መፍቻዋን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ወንበር ስባ መጣች። «ከሥር ጀምር። ያለፍካቸውንም መልስልኝ።»

ከዚያ በኋላ ሥራው የእሷ ሆነ። እኔ መምህሩ የሚለውን በገዛ ቃሌ እነግራታለሁ፣ እሷ በእጇ ትሠራውና ቃሉን ታወጣለታለች። አንዳንዱን ቃል አንድ ሰዓት እንጨቃጨቅበታለን። ደንበኞች ሲገቡ ታስፈርዳቸዋለች፤ አንድ የጎማ ነጋዴ «መታጠፍ» ይሻላል ወይስ «መሰበር» በሚለው ላይ መነጽሩን ረስቶ እስኪወጣ ድረስ ተከራክሯል። አንድ ቀን ደብተሯ ላይ «በልምምድ ይሰፋል» ብላ የጻፈችበት ገጽ ላይ ደረስን። ላጲስ አንስታ ነበር፣ ተወችው። «ይኸ ቢቀር ምን ይላል» አለችና በእኔ ላይ ሳቀችብኝ፣ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ሠላሳ ሰባቱም አለቁ። ሁለተኛው ፈተና ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሌላ ሰው ተመደበ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ከእሷ በፊት የገቡት ሁሉ በሰዓታቸው ወጡ። እሷ ገባች። አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ ሆነ። ቀጣዩ ተፈታኝ፣ ረጅም ወጣት፣ በሩንና እኔን እያፈራረቀ አየና እናትህ ናት እንዴ አለኝ። አክስቴ ናት አልኩት። ምን እየሆነ እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር። ሠላሳ ደቂቃ ሲሞላ ወጣቱ መምህር ወጣ፤ ፊቱ ቀልቷል። ከጎን ክፍል ሌላ ማያ ይዞ ተመለሰ። በሩ ሲከፈት የእሷ ድምፅ ተሰማኝ፤ መልስ እየሰጠች አልነበረም፣ እየጠየቀች ነበር።

አርባኛው ደቂቃ ላይ ራሷ ብቅ አለች። ነጭ የቤተ ሙከራ ካፖርት ደርበውላታል፤ እጅጌው ረዝሞባት ሁለቴ አጥፋዋለች። አለፍኩም ወደቅሁም አላለችኝም። ከቦርሳዋ የሱቁን ቁልፍ አወጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«በአሥር ሰዓት አንዲት አስተማሪ መነጽሯን ልትወስድ ትመጣለች፣ ሰማያዊው ሳጥን ውስጥ ነው። አፍንጫዋ ላይ እንዳይጫናት እይልኝ» አለች።

«አንቺስ፣ እትዬ?»

«እነዚህ ሰዎች ሌንሱን ይዘው የሚያዩበት መንገድ አላማረኝም። ሳላሳያቸው አልመጣም» አለችና በሩን ዘጋችው።

በአሥር ሰዓት አስተማሪዋ መጣች። መነጽሩን አፍንጫዋ ላይ አስቀመጥኩላት፤ በግራ በኩል ትንሽ ተጫናት። እጀታውን እንዴት እንደሚያቃኑት አላውቅምና፣ ባለቤቷ እስክትመጣ ትንሽ ብትቆይ ቅር ይላት እንደሆነ ጠየቅኋት። የት ሄዳ ነው አለችኝ።

«ሥራ ገብታ» አልኳት።